ፖሊመሩ የመጣበትን መንገድ አይረሳም

አንዱ ክፍሉ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ክፍሉ ውሃ ጠል የሆነ ረጅም ሞለኪውል ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱን በራሱ ያደራጃል። ውሃ ጠሉ ክፍል መሃል ላይ ይሰበሰባል፤ ውሃ ወዳዱ ዙሪያውን ይከብበዋል። በዓይን የማይታይ ኳስ ይፈጠራል፤ ስሙም ሚሴል ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን ያስቀምጡና እዚህ ላይ ያበቃሉ። እኔን በዚህ ሙያ ያቆየኝ ግን ከሥዕሉ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። ሳሙናም ፖሊመርም፣ ማለትም ትንንሽ ቁራጮች እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉበት ረጅም ሞለኪውል፣ ሚሴል ይሠራሉ፤ ሆኖም ሳሙና በቅጽበት ወደሚመቸው ቅርጽ ሲደርስ ፖሊመር ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረበትን ቦታ አይቶ በየት በኩል እንደመጣ ማወቅ ይቻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከውሃው ነው፤ እዚያ ላይ ረጋ ብሎ መቆየት ያስፈልጋል።

ዘይትና ውሃ የሚለያዩት እርስ በርስ ስለሚገፋፉ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በሁለቱ ሞለኪውሎች መካከል ያለው ኃይል፣ ደካማ ቢሆንም፣ የመሳሳብ ኃይል ነው። የሚያለያያቸው ውሃ ከውሃ ጋር ያለው ትስስር ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ጋር እስከ አራት የሃይድሮጂን ቦንድ፣ ማለትም በሃይድሮጂን በኩል የሚፈጠር ልል ትስስር፣ ይይዛል። ቦንዶቹ ደግሞ ቋሚ አይደሉም፤ በሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ክፍሎች በሚለካ ጊዜ ውስጥ እየተፈቱ ከሌላ ጎረቤት ጋር እንደገና ይታሰራሉ። መሃላቸው ቦንድ መያዝ የማይችል፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠራ የሃይድሮካርቦን ቁራጭ ሲገባ በዙሪያው ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች ክንዳቸውን ወደ እሱ አይዘረጉም። ጎን ለጎን ተያይዘው ይከብቡታል። ቦንዶቻቸውን አላጡም፤ ያጡት ምርጫቸውን ነው። ሊዞሩባቸው የሚችሉ አቅጣጫዎች ጠበቡ፤ በፊዚክስ አነጋገር ኢንትሮፒያቸው ቀነሰ።

ይህ ዝም ብሎ የቃላት ማብራሪያ አይደለም፤ በመለኪያ ይታያል። እንደ ሚቴን ያለ ትንሽ ሞለኪውል በክፍል ሙቀት ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ሙቀት ይለቃል። በጉልበት ሂሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሚቴን ውሃ ውስጥ በደንብ በሟሟ ነበር። የሚከለክለው የኢንትሮፒው ኪሳራ ነው። ሁለት የሃይድሮካርቦን ቁራጮች ሲጠጋጉ እነሱን ለመክበብ የሚያስፈልገው ውሃ ይቀንሳል፤ የተለቀቀው ውሃ ወደ ቀድሞ ነጻነቱ ይመለሳል። ዋልተር ካውዝማን በ1959 ይህን ሐሳብ ይዞ ፕሮቲኖች ለምን እንደሚታጠፉ ሲያስረዳ የብዙ ሳይንቲስቶችን አመለካከት ቀየረ። እኔ በዚህ ሐሳብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ሚሴሉ ሥርዓት የሚይዘው ውሃው ከሥርዓት ነጻ እንዲወጣ ነው፤ በአጉሊ መነጽር የምናየው ያማረ ኳስ የሌላ ነገር፣ የማናየው የውሃ እንቅስቃሴ፣ ውጤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሂሳብ የሚሠራው ለትንንሾቹ ነው። ውሃ ጠሉ አካል ከ1 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ገደማ ሲያልፍ ገጹ ይሰፋና ውሃው ቦንዱን ሳይበጥስ ሊከብበው አይችልም። ከዚያ ወዲያ ዋጋው የሚከፈለው በተበጠሱ ቦንዶች ነው፤ በገጹ ስፋት ልክም ያድጋል። ፖሊመር ሁለቱንም ያጣምራል። እያንዳንዱ የሰንሰለቱ ቀለበት ትንሽ ነው፤ ሰንሰለቱ ሲጠቀለል ደግሞ ሰፊ ገጽ ይኖረዋል። ለዚህም ነው ረጅም ውሃ ጠል ሰንሰለት ከውሃ ጋር ለመታገሥ ፈጽሞ የሚቸገረው። ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የሚባለው የተለመደ ማጽጃ ሚሴል መሥራት የሚጀምረው በሊትር ከ2 ግራም በላይ ሲገባ ነው። ብዙ ብሎክ ኮፖሊመሮች ግን በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ይበቃቸዋል።

ብሎክ ኮፖሊመር ያልኩት ሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙበትን ሞለኪውል ነው። ሳሙና ሚሴል እንደሚሠራ ከታሰበ ቆይቷል፤ ጄምስ ዊልያም ማክቤይን የሳሙና ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን መንገድ ለማስረዳት ሐሳቡን ያቀረበው በ1913 ነበር። ፖሊመሩ ግን መጀመሪያ የሚሠራበት ብልሃት መገኘት ነበረበት። በተለመደው የፖሊመር አሠራር ሰንሰለቶቹ በዘፈቀደ ይጀምራሉ፣ በዘፈቀደ ይቆማሉ፤ ጫፋቸው ሞቶ ሌላ ነገር አይቀበልም። በ1956 ማይክል ሽዋርዝ ጫፉ የማይሞት ሰንሰለት አሳየ። ሶዲየምና ናፍታሊን ሲገናኙ አረንጓዴ ፈሳሽ ይሰጣሉ። በዚያ ላይ ስታይሪን፣ የሰንሰለቱ መሥሪያ ትንሽ ሞለኪውል፣ ሲጨመር አረንጓዴው ጠፍቶ ፈሳሹ ይቀላል። ቅላቱ የሰንሰለቶቹ ጫፍ ሕያው መሆኑን ይናገራል፤ ስታይሪኑ ተሟጦ ካለቀ በኋላም አይጠፋም። ሌላ ዓይነት ሞኖመር (የሰንሰለት መሥሪያ ሞለኪውል) ሲጨመርለት ሰንሰለቱ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ክፍል በመጀመሪያው ላይ ይቀጠላል። አየር ወይም ጥቂት እርጥበት ሾልኮ ከገባ ግን ቅላቱ ዓይን እያየ ይጠፋል። ዛሬ ከዚህ የሚቀልሉ፣ እርጥበትን የሚችሉ መንገዶች አሉን፤ በ1998 ከአውስትራሊያ የወጣው ራፍት የሚባለው ዘዴ አንዱ ነው። ቢሆንም የዚያን ቀይ ፈሳሽ ያህል ኬሚስትሪን በዓይን የሚያሳይ ነገር ጥቂት ነው።

ውሃ ወዳዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ነው። ይህ ፖሊመር የሚገርም ነው። ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን እያለ ይሄዳል፤ ውሃም በማንኛውም መጠን ይቀበለዋል። በኦክስጅኖቹ መካከል አንድ ካርቦን ብቻ ያለው ዘመዱ፣ ፖሊኦክሲሜቲሊን፣ የበለጠ ኦክስጅን እያለው ውሃ ውስጥ አይሟሟም። በየቀለበቱ አንድ ካርቦን ያላት አንዲት የሜቲል ቅርንጫፍ ብቻ የተጨመረችበት ፖሊፕሮፒሊን ኦክሳይድም ሰንሰለቱ ረዘም ሲል ውሃን ይሸሻል። በውሃ ወዳድና በውሃ ጠል መካከል ያለው ድንበር አንድ ካርቦን ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ዘመዳሞች የያዘ፣ በገበያ ላይም በስፋት የሚገኝ ፖሊመር አለ፤ ፖሎክሳመር 407፣ በሌላ ስሙ ፕሉሮኒክ ኤፍ127። መሃሉ ፖሊፕሮፒሊን ኦክሳይድ፣ ሁለቱ ጎኖቹ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ናቸው። ፖሊመር ምን እንደሚያደርግ ሊረዳ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። ከመቶው 20 እጅ የሚሆነው ይህ ፖሊመር ውሃ ውስጥ ይሟሟና ብልቃጡ በረዶ ላይ ይቀመጣል። ሲያዘነብሉት እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ይወርዳል። ከዚያ ብልቃጡን መዳፍ ውስጥ ይዞ መጠበቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሚፈሰው ነገር ይወፍራል፣ ከዚያም ይቆማል፤ ብልቃጡ ቢገለበጥ እንኳ አይወርድም። ወደ ላይ በመውጣት ላይ የነበሩ የአየር አረፋዎች ባሉበት ይያዛሉ። ወደ በረዶው ሲመለስ እንደገና ይፈሳል። ሙቀት የሚያቀልጠው ነገር ማየት ለለመደ ዓይን ይህ የተገላቢጦሽ ነው።

የውሃው ሂሳብ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። የኢንትሮፒ ኪሳራ ዋጋው በሙቀት ይባዛል። በቅዝቃዜ ጊዜ ውሃው መሃለኛውን ክፍል ከብቦ መያዝ ይችላል፣ ሰንሰለቶቹም ለየብቻ ይንሳፈፋሉ። ሲሞቅ ግን ክቡ ይወደድበታል፤ መሃለኞቹ ክፍሎች ተሰብስበው ሚሴል ይሠራሉ። ሚሴሎቹ ሲበዙ ቦታ ይጠባቸዋል፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ክሪስታል በመስመር ይደረደራሉ፤ የሚፈሰው ነገር የሚረጋው ያኔ ነው። መዳፍ ውስጥ የሚሰማው ርጋታ የውሃ ሞለኪውሎች ነጻነት ድምር ነው።

ኤፍ127 በሄደበት መንገድ ይመለሳል፤ ውሃ ጠል ክፍሉ አጭርና ለስላሳ ስለሆነ። አሁን ወደማይመለሱት እንሂድ።

የሚሴል ቅርጽ ኳስ ብቻ አይደለም። ያዕቆብ እስራኤላችቪሊ፣ ጆን ሚቼልና ባሪ ኒንሃም በ1976 ለትንንሾቹ ሞለኪውሎች ቀላል ሕግ አስቀመጡ። ውሃ ወዳዱ ራስ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ኳስ፣ ሲጠብ ረጅም ሲሊንደር፣ ከዚያም ሲጠብ ጠፍጣፋ ድርብ ሽፋን ይወጣል። ድርብ ሽፋኑ ራሱ ላይ ታጥፎ ሲዘጋ ውስጡ ውሃ የያዘ ከረጢት፣ ቬሲክል፣ ይሆናል። ፖሊመር ላይ ሕግጋቱ ይወሳሰባሉ። ሦስት ነገሮች ይጎታተታሉ፦ ውሃ ጠሉ መሃል ከውሃ ጋር የሚነካካበትን ገጽ መቀነስ ይፈልጋል፤ ለዚያ ሲል ብዙ ሰንሰለት ሲሰበሰብ መሃል ያሉት ሰንሰለቶች መለጠጥ ይገደዳሉ፤ ውጭ ያሉት ውሃ ወዳዶች ደግሞ ይጨናነቃሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲቀየር ቅርጹ ይቀየራል።

ይህን በግልጽ ያሳዩት በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሊፌንግ ዣንግና አዲ አይዘንበርግ ናቸው። በ1995 ውሃ ጠል ከሆነው ፖሊስታይሪንና ውሃ ወዳድ ከሆነው ፖሊአክሪሊክ አሲድ የተሠሩ ሰንሰለቶችን ወስደው ውሃ ወዳዱን ክፍል እያሳጠሩ ሲሄዱ ኳስ፣ ዘንግ፣ ቬሲክል አገኙ። ለእኔ ከዚያ የበለጠ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ በ1996 ያሳዩት ነው። ያንኑ አንድ ፖሊመር ይዘው ጥቂት ጨው ወይም አሲድ ሲጨምሩበት ቅርጹ ተለወጠ። ጨውም አሲድም በውጭኛዎቹ ሰንሰለቶች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መገፋፋት ያረግባሉ፤ መጨናነቁ ይቀላል፤ ኳሱ ዘንግ ወይም ቬሲክል ይሆናል። የሞለኪውሉ ቀመር ብቻውን ቅርጹን አይነግረንም ማለት ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ቅርጹ የሚወሰነው እዚያ ነው። ፖሊመሩ መጀመሪያ ሁለቱንም ክፍሎች በሚያሟማ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ በዳይሜቲልፎርማማይድ፣ ውስጥ ይሟሟል። ብልቃጡ ውስጥ ማማሰያዋ ማግኔት እየዞረች ውሃ በጠብታ ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የተጠማዘዘ ጭረት መሰል ነገር አሳይተው ይጠፋሉ። ፈሳሹ እንደ ጠራ ይቆያል። ከዚያ በአንዱ ጠብታ ላይ፣ ብልቃጡን ከጥቁር ነገር ፊት ለፊት ለያዘው ሰው፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይታያል። ትንንሽ ነገሮች አጭሩን የብርሃን ሞገድ አብልጠው ስለሚበትኑ ነው፤ ሰማይን ሰማያዊ የሚያደርገው ሕግ ነው። በብልቃጡ አሳልፎ ወደ መብራት ለሚመለከት ደግሞ ፈሳሹ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ሰንሰለቶቹ የተሰበሰቡት በዚያች ቅጽበት ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ጠብታውን ቆም አደርጋለሁ፤ ሥራው አስገድዶኝ ሳይሆን ማየት ስለምፈልግ ነው።

ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያለው ጊዜ ግን በፍጥነት ያልቃል። መጀመሪያ ላይ የሚሴሉ መሃል አሟሚውን ስለያዘ ለስላሳ ነው፤ ሰንሰለቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ቅርጽም ይለወጣል። ውሃ በተጨመረ ቁጥር አሟሚው ከመሃሉ እየወጣ ይሄዳል። ፖሊስታይሪን ብቻውን ሲቀር እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ድረስ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መሃሉ ይደርቃል፤ በዚያች ሰዓት የነበረው ቅርጽ እንዳለ ይቀራል። ውሃው ቶሎ ከተጨመረ መጀመሪያ የተፈጠረው ኳስ ወደ ዘንግ ሳያድግ ሊያዝ ይችላል። ቀስ ተብሎ ከተጨመረ ወደፊት የመሄድ ዕድል ያገኛል።

መሃሉ ባይደርቅም እንኳ ችግሩ አይጠፋም። ፖሊቡታዳይን የሚባለው ውሃ ጠል ፖሊመር በክፍል ሙቀት ለስላሳ ነው። ሆኖም ፍራንክ ቤትስና ባልደረቦቹ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከፖሊቡታዳይንና ከፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ የተሠሩ ሁለት የተለያዩ ሚሴሎችን ውሃ ውስጥ ሲቀላቅሉ፣ ሚሴሎቹ ሰንሰለት ሳይለዋወጡ እንደነበሩ ጎን ለጎን ኖሩ። ሁለቱ ፖሊመሮች ውሃ ሳይነካቸው በፊት ሲቀላቀሉ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ነገር በዓይነትም በመጠንም አንድ ነው፤ የተለየው ቅደም ተከተሉ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሳሙናን ማሰብ ይጠቅማል። አንዲት የሳሙና ሞለኪውል ከሚሴሏ ለመውጣት የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች ይበቋታል። የፖሊመር ሰንሰለት ግን ለመውጣት በመቶ የሚቆጠሩ ውሃ ጠል ቀለበቶቹን በሙሉ ለውሃ ማጋለጥ አለበት፤ ያውም ከጎረቤቶቹ ጋር ተጠላልፎ እያለ። ከተወሳሰበ ልቃቂት መሃል አንድ ረጅም ክር እንደ መምዘዝ ነው። ውሃ ጠሉ ክፍል ጥቂት ሲረዝም የመውጫው ጊዜ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ከደቂቃ ወደ ቀናት፣ ከዚያም ማንም ሊጠብቀው ወደማይችል ዘመን።

ይህን የሚያህል ነገር እያለ ብዙ የምርምር ጽሑፎች የአሠራሩን ክፍል «ውሃ ቀስ በቀስ ተጨመረ» ብለው ማለፋቸው ያሳስበኛል። ቀስ በቀስ ማለት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር? ብልቃጡ ምን ያህል ይማሰል ነበር? ፖሊመሩ መጀመሪያ ምን ያህል ወፍሮ ነበር? አሟሚው በምን ያህል ጊዜ ታጥቦ ወጣ? ጸሐፊዎቹ የሠሩትን ቅርጽ የፖሊመሩ ጠባይ አድርገው ያቀርባሉ። ቅርጹ ግን የፖሊመሩ ጠባይ የሆነውን ያህል የእጃቸው ፍጥነት ውጤትም ነው። ሌላ ሰው በሌላ እጅ ሲሠራው ሌላ ነገር ቢያገኝ ማንም አላጠፋም፤ ያልተጻፈው ግን መጻፍ ነበረበት።

ዝግተኝነቱ ጉድለት ብቻ አይደለም። ለካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሰል ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ክሬሞፎር ከሚባል፣ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ከባድ የአለርጂ ምላሽ ከሚያስነሳ ማሟሚያ ጋር ነበር። ውሃ ጠል መድኃኒት ውሃ ጠል በሆነ የሚሴል መሃል ውስጥ ይመቸዋል። በ2007 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ለአገልግሎት የተፈቀደው ጄኔክሶል ፒኤም መድኃኒቱን የሚይዘው በፖሊመር ሚሴል ነው። መርፌው ደም ውስጥ ሲገባ በብዙ ሊትር ይቀጥናል፤ በተራ ሳሙና የተሠራ ሚሴል ቢሆን ወዲያው በተበተነ ነበር። ፖሊመሩ ግን ለመበተን ጊዜ ይወስዳል፤ የሚፈለገውም ያ ጊዜ ነው።

ቬሲክሎቹም እንዲሁ ናቸው። በ1999 ዴኒስ ዲሸርና ባልደረቦቹ ፖሊመርሶም ብለው የጠሯቸውን ከረጢቶች አቀረቡ። ሽፋናቸው ወደ 8 ናኖሜትር ይወፍራል፤ የሕዋስ ሽፋን የተሠራበት የቅባት ድርብርብ ከ3 እስከ 5 ናኖሜትር ነው። በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሲመጠጡ የቅባቱ ሽፋን በሚቀደድበት ኃይል አልተቀደዱም፤ ውሃም ቢያንስ በ10 እጥፍ ያነሰ ያሳልፋሉ።

በመጨረሻ መንገዱን ራሱን መሣሪያ ያደረጉ ሰዎች አሉ። ስቲቨን አርምስና ቡድኑ በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ውሃ ወዳዱን ሰንሰለት ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ውሃ ጠሉን እዚያው ላይ ያሳድጉታል። የሚጨምሩት ሞኖመር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ወደ ሰንሰለት ሲለወጥ ግን አይሟሟም። ሰንሰለቱ እየረዘመ ሲሄድ በየመሃሉ ናሙና እየወሰዱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። መጀመሪያ ኳስ ታየ፤ ኳሶቹ ተጋጥመው ትል መሰል ረጅም ነገር ሆኑ፤ ትሎቹ ቅርንጫፍ አወጡ፤ ጠፍጣፋ ሆነው እግር እግር አበጁ። ጄሊፊሽ ብለው የሰየሙት ቅርጽ እግሮቹን እየሰበሰበ ተዘግቶ ቬሲክል ሆነ። በሌላ ቦታ በግምት የምንሞላው መንገድ እዚህ ደረጃ በደረጃ ይታያል።

ትሎቹ እርስ በርስ ስለሚነካኩ ውሃውን ያረጉታል። ይህ ርጋታ ወደ 4 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ይፈታል፤ ትሎቹ ተቆራርጠው ኳስ ይሆናሉ፣ ፈሳሹም ይቀጥናል። ያኔ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ውስጥ ይንቆረቆራል። ባክቴሪያው ከላይ ይቀራል፣ ኳሶቹ ያልፋሉ፤ ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለሱ ተጋጥመው እንደገና ትል ይሠራሉ፣ የተጣራው ነገር ይረጋል። ይህ የሚሆነው መሃላቸው ውሃ ስላዘለና ለስላሳ ስለሆነ ነው። ኳሶቹ ወደ ትልነት የሚመለሱት ግን እርስ በርስ ሲጋጩ ስለሆነ ፈሳሹ እጅግ ከቀጠነ አይገናኙም፤ ቢሞቅም ኳስ እንደሆኑ ይቀራሉ።